ክፍት ነው ያልኩት የኪራሙ መንገድ

ፈሪ ሰው አይደለሁም። በድርቁ ጊዜ ከወሎ ተጭነን ወደ ወለጋ ስንመጣ ልጅ እግር ነበርኩ፤ መኪናው ላይ ሰው ከአጠገቤ ሲሞት አይቻለሁ። ኪራሙ ጫካ መንጥሬ ጎጆ ቀልሻለሁ፣ ጅብ በራፌ ላይ እየጮኸ እንቅልፌን ተኝቻለሁ። ኋላ ነቀምቴ ገብቼ ሬዲዮ መጠገን ስጀምርም ተኩስ ከሩቅ ሲሰማ ሌላው ሱቁን ይዘጋል፣ እኔ የያዝኩትን ብየዳ ጨርሼ ነው የምነሳው። እንዲህ ያለሁት ሰውዬ በቅርቡ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ በገዛ ሱቄ፣ በገዛ ኮምፒውተሬ ፊት ተቀምጬ ፈራሁ። የፈራሁት ለባለቤቴ ነው። እሷ ወደ ኪራሙ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበረች። ያሳፈራት ደግሞ የኔ ሥራ ነው።

ሥራውን ላስረዳ፤ አስረዳለሁ ስል ደግሞ ማስረዳት እችላለሁ። ትምህርት ቤት የቆየሁት ጥቂት ዓመት ነው። አፋን ኦሮሞን ከገበያ፣ እንግሊዝኛን ከሬዲዮ መመሪያ፣ ኮምፒውተርን ተበላሽቶ ከተጣለ ማሽን ተማርኩ። ፒኤችፒ የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ የያዝኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። ፍሬምወርክ የሚሉት ነገር አለ፤ ምሰሶውና ማገሩ ተዘጋጅቶ ይመጣልሃል፣ አንተ ግድግዳውን እየመረግህ ክፍሉን ትከፋፍላለህ። እኔ በዚያ ላይ የሠራሁት ድረ ገጽ አይደለም፤ ድረ ገጽ ማንም ይሠራል። የሠራሁት አገልግሎት ነው። የራሱ መልክ የለውም፤ ይጠየቃል፣ ይመልሳል።

ከነቀምቴ የሚወጣ እያንዳንዱ መንገድ የራሱ አድራሻ አለው፤ የአኖው አንድ፣ የኑኑ ቁምባው አንድ፣ የኪራሙው አንድ። መንገዱን አልፎ የደረሰ ሾፌር ስልኩ ላይ «ክፍት» ወይም «ዝግ» የሚለውን ይጫናል፤ ወሬው በዚያ አድራሻ ይቀመጣል። ሊሄድ ያለ ሾፌር ደግሞ ያንኑ አድራሻ ይጠይቃል፣ አገልግሎቴ የመጨረሻውን ወሬ አውጥቶ ይሰጠዋል። መናኸሪያው ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት ባለ ስክሪን ሰሌዳ የሚጠይቀው ከዚያው ነው። ጊዳ አያና ያለ አንድ አስተማሪም ለከተማው ሰው በሠራው የስልክ ገጽ ከዚያው ይጠይቃል። እሱ የኔን ውስጥ አያውቅም፣ እኔም የሱን አላውቅም፤ የሚያገናኘን አድራሻው ብቻ ነው። እንዲህ አድርጎ የሠራ ሽማግሌ በወለጋ ከተሞች ካለ ያሳዩኝና እጁን ልሳም።

ባለቤቴ የእህቷ ልጅ ኪራሙ ውስጥ፣ እናቷ ቤት ወልዳ ልትጠይቃት ፈልጋለች። አገሩ ከከፋ ወዲህ ወደዚያ ሄዳ አታውቅም፤ ዛሬ ነገ ስትል አራስነቱ ሊያልቅ ነው። ያን ዕለት ጠዋት ልብሷን ለብሳ በሩ ላይ ቆመች፣ አትወጣም፣ አትገባም።

«ከዚያ ወገን ደህና ወሬ አይሰማም» አለች።

«ወሬ ትሰሚያለሽ ወይስ ባልሽን?»

«ባሌን ስሰማ ነው ያረጀሁት።»

ስልኬን አውጥቼ አሳየኋት። የኪራሙን አድራሻ ጠየቅሁ፤ ወዲያው «ክፍት» ብሎ መለሰ።

«እሱ ደግሞ ምን ያውቃል? እዚያ ሄዷል?»

«ሾፌሮቹ ናቸው የሚነግሩት።»

«ሾፌር መቼ እውነት ተናግሮ ያውቃል? ‹ሞልቷል፣ ልንወጣ ነው› እያለ አይደል እንዴ ግማሽ ቀን የሚያስቀምጠን!»

እኔም ሳቅሁ፣ እሷም ሳቀች። ግን ስልኩን ከእጄ ወስዳ ቃሉን ደግማ አየችው። ፊደል ቆጥራለች፤ ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ። «እንግዲህ ያንተ ነገር ነው፤ አምኜህ ነው የምሄደው» አለች። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ሚኒባሱ ሞልቶ ሲወጣ ስልኳን አጥፍታ ብብቷ ውስጥ ስትከተው አየሁ፤ በዚያ መንገድ የሚሄድ ሰው ሁሉ እንዲሁ ያደርጋል።

ሱቄን ከፍቼ ትንሽ ሠራሁና ረፋድ ላይ ተመልሼ ወደ መናኸሪያው ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ሰሌዳዬን ሰው ሲያየው ለማየት ነው፤ ብዙ ቀን እንዲህ አደርጋለሁ። ስምሪት ላይ የምትሠራው ሴት፣ የትኛው መኪና መቼ እንደሚወጣ የምትመድበው፣ የነቀምቴ ተወላጅ ናት። ከኔ ጋር በአማርኛ ጀምራ በኦሮምኛ ትጨርሳለች።

«አካም ጅርታ፣ ያ ጃርሳ?» አለችኝ፤ እንዴት ነህ፣ አንተ ሽማግሌ፣ ማለቷ ነው።

«ደህና ነኝ። ሰሌዳዬስ እንዴት ነው?»

«እንዳንተው ነው፤ ዝም አይልም።»

ሻይዋን ፉት አለችና እንደ ዋዛ፣ «ከኪራሙ ወገን ግን ዛሬ አንድም መኪና አልገባም» አለች።

«ገና ነዋ።»

«ምኑ ነው ገና? እዚያ ያደሩት ንጋት ላይ ተነስተው እስካሁን ይገባሉ።»

«ክፍት ይላል እኮ» አልኩና ወደ ሰሌዳው ጠቆምኩ።

«ማነው ክፍት ያለው?»

አገልግሎቱ የኔ ስለሆነ ሌላው የማያየውን ማየት እችላለሁ። ስልኬን ከፍቼ የኪራሙን ወሬዎች አንድ በአንድ አየሁ። የመጨረሻው «ክፍት» የተላከው ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ምንም የለም።

«የትናንት ነው» አልኩ። «ግን ዝግ ያለም የለም።»

ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ዝግ ያለ ሾፌር አይተህ ታውቃለህ?»

ወደ ኋላ ሄድኩ። ሥራው ከጀመረ ጀምሮ፣ በሁሉም መንገድ ላይ፣ «ዝግ» የሚለውን የተጫነ አንድም ሰው የለም። ይህንን አውቀው ነበር፤ እንዲያውም የምኮራበት ነገር ነበር። የኔ አገልግሎት ከተጀመረ ወዲህ መንገድ ተዘግቶ አያውቅም እያልኩ ሻይ ቤት ውስጥ ስንቱን አስደምሜበታለሁ።

«አንተ እዚህ አገር አልኖርክም እንዴ?» አለችኝ። «ክፉ ወሬ በስልክ ማን ይልካል? ሰው ሲሞት እንኳ ‹ትንሽ አሞታልና ና› ነው የሚባለው። ደግሞስ ሾፌሩ ዝግ ነው ብሎ ቢልክ፣ ማን ነገረህ፣ ማንን አየህ፣ አንተ እንዴት አለፍክ አይሉትም? ስለዚህ ዝም ይላል። እኛ ዝም ሲል ይገባናል።»

እሷ ይገባታል፤ እኔም ሰው ነኝና ይገባኛል። አገልግሎቴ ግን ዝምታ የሚባል ነገር አያውቅም። «የመጨረሻውን ወሬ አምጣ» ብዬዋለሁ፤ ሲጠይቁት የትናንቱን ያመጣል፣ ነገም ቢጠይቁት የትናንቱን ያመጣል። ያዘዝኩትን ነው የሚያደርገው፤ ሥራው አልተበላሸም። እስከዛሬ ማንም ያልተጎዳው የኪራሙ መስመር ሾፌሮች እርስ በርስ ስለሚተዋወቁ ነው፤ ሰሌዳዬን ያያሉ እንጂ የሚያምኑት የጓደኛቸውን ዝምታ ነው።

«የዛሬው ሾፌር ማነው?» አልኳት።

«የአኖ መስመር ሰው ነው። ባለተራዎቹ አንዱ ፍሬኔ ተበላሸ፣ አንዱ ሆዴን አመመኝ ብለው ስለቀሩ በምትካቸው…» አለችና አቋረጠች። የተናገረችውን ራሷ ሰማችው። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

የአኖ መስመር ሰው በኪራሙ መንገድ ላይ ዘመድም ጓደኛም የለው። ያለው ስልኩ ነው። ከኪራሙ በፊት ባለችው ጊዳ አያና ለምሳ ይቆማል፣ ከምሳ በኋላ ስልኩን አውጥቶ የኪራሙን አድራሻ ይጠይቃል፣ «ክፍት» ይለዋል፣ ይሄዳል። ባለቤቴን ይዞ።

ስምሪቷ ሴት ደወለችለት። ይጠራል፣ አያነሳም። «ከስምሪት ሲደወል አያነሱም» አለች፤ «ደውዬ ደግ ነገር ነግሬያቸው ስለማላውቅ።» በኔ ስልክ ደወልኩ፤ የማያውቀውን ቁጥር በዚህ ዘመን ማን ያነሳል? የባለቤቴ ስልክ ጠፍቷል። ጊዳ አያና ወዳለው መናኸሪያ ደወለች፣ መስመሩ አልያዘም። ደግማ ሞከረች። የባለቤቴን ስልክ እኔም ደግሜ ሞከርኩት፤ እንዳጠፋችው እያወቅሁ።

«አንተው ዝግ በልና ጻፋ!» አለችኝ። «የራስህ አይደለም?»

ከፈትኩት። ቃሉ ፊቴ አለ፣ ጣቴ ላዩ ላይ ቆመ። ዝግ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ከዚህ ሆኜ ማንን አይቼ? ነገ መጥተው ይህን የጻፍከው አንተ ነህ ወይ፣ ማነው የነገረህ ቢሉኝ ምን እላለሁ? ደግሞ ማንም አይቶት የማያውቀውን ቃል ሾፌሩ ድንገት ቢያየው ተሳስቶ ነው ብሎ ያልፈዋል።

ፊቴን ስታይ ቆይታ «አየህ?» አለችኝ።

ወደ ሱቄ ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ ስሮጥ ያየኝ ሁሉ «ማል ታቴ? ምን ሆንክ?» ይላል፤ አልቆምም። ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ምን እንደምጽፍ መንገድ ላይ ጨርሼዋለሁ፤ ይህን ማንም ሊነሳኝ አይችልም፣ እየሮጥኩ ነው ያሰብኩት። ሦስተኛ መልስ ያስፈልጋል። ወሬው ከዛሬ ንጋት በፊት የመጣ ከሆነ ክፍትም ዝግም አትበል፤ «ከትናንት ወዲህ ያየ የለም» በል። ይህ ውሸት አይደለም፤ ማንም መጥቶ ማን ነገረህ ሊለኝ አይችልም።

ጽሑፉ ጥቂት መስመር ነው። በሌላ ቀን ሻይ እየጠጣሁ የምጽፈው ነገር ነው። ያን ዕለት ግን ፊደሉን እስታለሁ፣ እሰርዛለሁ፣ ቅንፉን እረሳለሁ፣ ማሽኑ አልገባኝም ይለኛል። ጨርሼ ወደ ሰርቨሩ ስልከው ኔትወርኩ እንደ ኤሊ ይሄዳል። ሰርቨር የምለው አገልግሎቴ የሚኖርበት ማሽን ነው፤ እዚህ አይደለም ያለው፣ ሩቅ አገር ነው። ማያው ላይ የምትጓዘው መስመር ትንሽ ትሄዳለች፣ ትቆማለች። በመስኮቱ ሳይ ፀሐይዋ ወደ አናት እየወጣች ነው። መኪናው የት ደርሶ ይሆን እያልኩ ኩርባውን፣ ድልድዩን፣ ቡና የተሰጣበትን መንደር ሁሉ በልቤ አብሬ ሄድኩ። ያ ረቢ፣ ጎማ ፈንድቶባቸው እንኳ ቢቆሙ ብዬ ለመንኩ። ሰው ለሚስቱ እንዲህ ብሎ ይለምናል?

ደረሰ። ስልኬን አንስቼ የኪራሙን አድራሻ ጠየቅሁ።

«ክፍት» አለ።

ደግሜ ጠየቅሁ፤ ክፍት። የጻፍኩትን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ፤ ትክክል ነው። ሰርቨሩ ላይ ያለውን አየሁ፤ አዲሱ ነው። ታዲያ ይህ ቃል ከየት ነው የሚመጣው? ለጥቂት ጊዜ፣ እውነት እላችኋለሁ፣ ማሽኑ ከኔ ጋር እልህ የተጋባ መስሎኝ ፈራሁት። ጠረጴዛዬ ላይ ተከፍቶ የተኛው ሬዲዮ እንኳ የሚያየኝ መሰለኝ።

ከዚያ ትዝ አለኝ። ኔትወርክ በሚቸግርበት አገር ሰው እንዳይጉላላ ብዬ አንዴ የተሰጠ መልስ ለረጅም ሰዓት ተቀምጦ እንዲቆይ፣ የሚቀጥለው ጠያቂ እሱኑ እንዲያገኝ አድርጌ ነበር። ካሽ ይባላል፤ እንደ ትናንት ወጥ ነው፣ ሳታሞቅ የምታቀርበው። ያን ዘዴ ስሠራ ራሴን ስንት ጊዜ አመስግኛለሁ! ለሾፌሩ የሚሰጠውም ይኸው የተቀመጠው ነው። የተቀመጠው ሁሉ እንዲጠረግ አዘዝኩ። መስመሯ ሄደች፣ ቆመች። ሄደች።

ጠየቅሁ። «ከትናንት ወዲህ ያየ የለም» አለኝ።

በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ክፉ ቃል የለም።

ግን ደርሶ ይሆን? ሾፌሩ ቀደም ብሎ ጠይቆ፣ ክፍት ተብሎ፣ ወጥቶ ቢሆንስ? ሰርቨሩ እያንዳንዱን ጥያቄ ሲገባ በአንድ መስመር ይጽፈዋል፤ የትኛው መንገድ እንደተጠየቀ ያሳያል፣ ማን እንደጠየቀ አያሳይም። ያንን ከፍቼ አፈጠጥኩበት። የአኖ ተጠየቀ። የአኖ እንደገና። የኑኑ ቁምባ። የሰሌዳው የተለመደ ጥያቄ አለፈ። ውጪ ሰው ምሳውን እየበላ ሲሳሳቅ ይሰማኛል። ስምሪቷ ሴት ሥራዋን ትታ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች።

ከዚያ አንድ መስመር ገባ፤ ኪራሙ።

የተሰጠው መልስ አዲሱ ነው። ማነው የጠየቀው? አስተማሪው ይሆናል። አራስ ጠያቂ ሌላ ሰው ይሆናል። ወይም ምሳውን በልቶ እጁን የሚጠርግ የአኖ መስመር ሾፌር ይሆናል። ትንሽ ቆይቶ ያው ጥያቄ እንደገና ገባ። ከዚያም ሦስተኛ። አንድ ሰው የተሰጠውን መልስ አላምን ብሎ ደጋግሞ እየጠየቀ ነው።

«ሂን ሶዳቲን» አለችኝ ስምሪቷ፤ አትፍራ ማለቷ ነው።

ስልኬ ሲጮህ የማላውቀው ቁጥር ነው። አነሳሁ።

«አንተ ሰውዬ» አለች ባለቤቴ፣ «ይሄ ነገርህ ምን ሆኖብህ ነው? ጠዋት ክፍት ብሎ አሳፍሮኝ አሁን ያየ የለም ይላል?»

ከወንበሬ ተነሳሁ።

«አለህ? የሾፌሩ ስልክ ነው፣ ቶሎ በል። ጊዳ ነን። ግማሹ እንሂድ ይላል፣ ግማሹ አንሄድም ይላል። ሾፌሩ ያንተን ነገር እያየ ቆሟል።»

«አትሂጂ» አልኳት። «ስሚኝ፣ አትሂጂ። ከመኪናው ውረጂ።»

«ምን ሰምተህ ነው?»

«ምንም አልሰማሁም። ምንም ስላልሰማሁ ነው።»

የመንገዱ ዝምታ የገባት ከኔ ቀድሞ ነው። «እሺ» አለች በቀስታ፤ ወዲያው ደግሞ ድምጿ ተለወጠ፣ «እህቴስ? አራሷስ?»

«አንቺ ብቻ ውረጂ» አልኳት።

ሚኒባሱ አልሄደም። ከሰዓት በኋላ ከኪራሙ በኩል በእግር የመጡ ሰዎች ጊዳ ደርሰው መንገዱ ላይ ተኩስ እንዳለ፣ የሚያልፍ መኪና እንደሌለ ተናገሩ። ለማን ተናገሩ ቢባል ለማንም አይደለም፤ ውኃ ሲጠጡ ነው የተሰማው። ባለቤቴ አንዲት የማታውቃት ሴት ቤት አድራ በማግስቱ በዚያው መኪና ተመለሰች። እስክትመጣ ድረስ እኔ ከጊዳ የምትመጣበትን መንገድ እየጠየቅሁ ነበር፤ «ያየ የለም» ይለኛል። ገና ማለዳ ነዋ፣ ማን አይቶት? አሮጌውን መልስ ልመልሰው ይሆን ብዬ እጄ ቁልፎቹ ላይ ደርሶ ነበር። «ክፍት» የሚል ቃል አምሮኝ ነበር፣ ውሸትም ቢሆን።

ከመኪናው ስትወርድ አቀፍኳት፤ በሰው ፊት አቅፌያት አላውቅም። «ያተረፍኩሽ እኔ ነኝ፤ ይህን የሚችል ሌላ ሰው ነቀምቴ ውስጥ የለም» አልኳት።

«ያሳፈረኝስ ማነው?» አለችና ወደ ሱቁ ቀድማኝ ገባች። ነጠላዋን ሳታወልቅ ሬዲዮዎቹ መካከል ባለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። እህቷ ጋ ስትደውል ነው ያደረችው፤ ስልኩ አይጠራም።

«በል ጠይቀው» አለችኝ።

የኪራሙን አድራሻ ጠየቅሁ። ማያውን ወደሷ አዞርኩላት፤ «ያየ የለም» የሚለውን ራሷ አነበበችው።

ሰው ሬዲዮውን ሊወስድ መጣ፤ ነገ ና አልኩት። ሻይ አዘዝኩላት፣ ቀዘቀዘ።

«እንደገና» አለች።

ጠየቅሁ።